ምክትሉን ማን ይምረጠው? የክረምት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ክረምት ገባ፣ ሊጉ ተዘጋ፣ ወሬው ግን አልተዘጋም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ማን ፈረመ፣ ማን ለቀቀ ነው የሚለው። እኔም በዚህ ወር ስለ አጥቂ ዝውውር ትጨቀጭቁኛላችሁ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ምክትል አሰልጣኞች ናቸው። ይሁን፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። ስለ ምክትል የሚጠይቅ ደጋፊ ኳስን ጠጋ ብሎ ያያል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የክለብ ስም ያነሳችሁትንም አውጥቻለሁ። ነገሩ የአንድ ክለብ ብቻ አይደለማ!

«አዲስ ዋና አሰልጣኝ ተሾመልን፣ ጨፈርን። በሳምንቱ ሁለት ምክትልና የግብ ጠባቂ አሰልጣኝ ይዞ መጣ። ለክለቡ የተጫወቱት፣ እዚሁ ያደጉት የሰፈራችን ልጆች ‹እናመሰግናለን› እንኳ ሳይባሉ ተሸኙ። ይሄ ልክ ነው? ለምንድን ነው ሁሉም የራሱን ሰው ይዞ የሚመጣው?» (ከሳቢያን)

አቦ፣ ሳይመሰገኑ መሸኘታቸው ነውር ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርህም። የራሱን ሰው ይዞ መምጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እስቲ አንተ ራስህ በሰውዬው ቦታ ሁን። ሐምሌ ላይ ፈርመሃል። ግማሹ ተጫዋች ውሉ አልቆ ስልኩን አጥፍቷል፣ ሌላው ግማሽ ከሌላ ክለብ ጋር ይነጋገራል። ቦርዱ ዋንጫ ባንልም እስከ አምስተኛ እንጠብቃለን ይልሃል። ውድድሩ መስከረም መጨረሻ ወይ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። በዚች አጭር ጊዜ ውስጥ «ተከላካዮቹን ወደ ፊት አውጣቸው» ስትለው እስከ የት ድረስ እንደሆነ ሳትነግረው የሚገባው ሰው ያስፈልግሃል። እሱ ከሌለ ተጫዋቹን ከማሰልጠንህ በፊት ምክትልህን ስታሰለጥን ክረምቱ ያልቃል።

በእንግሊዝ ኳስ የብራያን ክላፍና የምክትሉ የፒተር ቴይለር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ነው። ክላፍ ይመራል፣ ይናገራል፣ ይቆጣል። ተጫዋች የሚመርጠው ዓይን ግን የቴይለር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ክላፍ ሊድስን ሲይዝ ቴይለር ብራይተን ቀረ፣ ክላፍም ሊድስ ላይ የቆየው 44 ቀን ብቻ ነው። በ1976 ቴይለር ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ተመልሶ ተቀላቀለው። በ1977 ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን አደጉ፣ በ1978 ሊጉን በሉ፣ በ1979 እና በ1980 ደግሞ የአውሮፓን ዋንጫ አከታትለው ወሰዱ። ሊድስ ላይ የተበላሸው በቴይለር አለመኖር ብቻ ነው አልልም፣ ክላፍ ገና ሲገባ ነው የሊድስን ተጫዋቾች ያስቀየማቸው። ግን «ተው እንጂ» ብሎ የሚመልሰው፣ እሱም የሚሰማው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ስለዚህ ይዞ ይምጣ። ሁሉንም ጠርጎ ማስወጣቱን ግን አልደግፍም። ከነበሩት ቢያንስ አንድ ሰው መቅረት አለበት ባይ ነኝ። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2018 ቬንገርን ሸኝቶ ኡናይ ኤምሪን ሲያመጣ ስቲቭ ቦልድ በምክትልነቱ ቀጥሏል። ኤምሪ የራሱን ስፔናውያን ይዞ መጥቷል፣ የቤቱን ጠባይ የሚያውቀው ግን ቦልድ ነበር።

ለድሬ ደግሞ ይሄ ይብሳል። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በደንገጎ ሽቅብ ወጥተህ ሐረር ስትደርስ 1,900 ገደማ ትገባለህ፣ አየሩ ሌላ ነው። ከደጋ የመጣ አሰልጣኝ የድሬን ሙቀት በወሬ ነው የሚያውቀው። ልምምዱን ረፋድ ላይ ያደርገውና ልጆቹ እግራቸው ሲከዳቸው «ሰነፎች ናቸው» ይላል። የአገሬው ምክትል ካለ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳ እንውጣ፣ ውሃ እንዲህ እናድርግ፣ ከደጋ የመጣ ተጋጣሚ በሁለተኛው አጋማሽ ሲተነፍስ ያኔ እንጫነው ይለዋል። የትኛው ልጅ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር፣ የትኛው ደግሞ ከምሳ በኋላ የት ቤት ተቀምጦ እንደሚያመሽም ያውቃል። (የት ቤት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ።)

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፣ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ብሩ ሲለቀቅ መጀመሪያ ወደ ተጫዋች ይሮጣል፣ ምክትልና የግብ ጠባቂ አሰልጣኝ የሚቀጠሩት በተረፈው ነው። መሆን የነበረበት የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዋናው ይፈርም፣ ከዚያ ቦርዱ አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው። «አንተ የማትችለው ምንድን ነው?» ማጥቃት ላይ ጎበዝ ከሆነ መከላከል የሚያውቅ ምክትል ይፈለግለት። ቁጡ ከሆነ ልጆቹን የሚያባብል ይፈለግለት። ስሙን እሱ ያቅርብ፣ ክለቡ ሰነዱንና ያለፈ ሥራውን አጣርቶ ይቅጠር። አሁን ግን አብሮኝ ተጫውቷል፣ አብሮኝ ኮርስ ወስዷል በሚል የሚመጣው ምክትል ብዙ ጊዜ ዋናው የሚያውቀውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለት ደመወዝ በላ ማለት ይቻላል።

«ልጄ፣ አንቱ እንዳትለኝ፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። በእኛ ጊዜ ጥጥ ፋብሪካ አክራ ድረስ ሄዶ ከአፍሪካ አራቱ ክለቦች አንዱ ሆኗል። የምናውቀው አሰልጣኝ አንድ ነው። አሁን ወንበሩ ላይ ከተጫዋች ይልቅ አሰልጣኝ ይበዛል። ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» (ከለገሃር)

አባባ፣ እሺ፣ በድሬ ወግ አንተ ብዬ ልመልስልህ።

ያልከው ሁሉ እውነት ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1965 አክራ ላይ ሲደረግ ጥጥ ፋብሪካ ከአራቱ አንዱ ነበር። ጥጥ ፋብሪካን ያሸነፈው የማሊው ስታድ ማሊያን ነው፣ ዋንጫውን ግን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። ዛሬ ይህን የሚያውቅ ወጣት ስንት ነው? ኑርልን።

ግን የዚያን ጊዜ ጨዋታና የዛሬው ሥራው ይለያያል። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፣ ቅያሪን። በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ ያኔም ሁለት ሰው። በጥጥ ፋብሪካ ዘመን አሰልጣኙ አሥራ አንዱን ካስገባ በኋላ ሥራው ከሞላ ጎደል አልቋል፣ የሚቀረው መጮህ ነው። አሁን አምስት ሰው ይቀየራል። ኮሮና ጊዜ በጊዜያዊነት መጣ፣ በ2022 በሕጉ ጸደቀ። አምስት ቅያሪ ማለት የቡድኑ ግማሽ ነው እኮ! ማን ደክሟል፣ ማን ቢጫ አለበት፣ የእነሱ አሰልጣኝ አሁን ያስገባው ልጅ በየት በኩል ይሮጣል፣ ይህን ሁሉ ቆሞ እየጮኸ ያለ ሰው ብቻውን አይቆጥረውም። አንዱ ምክትል የራሱን ቡድን፣ ሌላው ተጋጣሚን ይከታተላል። አንዱ ተቀያሪዎቹን ያሟሙቃል፣ የሚገባውን ልጅ በማዕዘን ምት ጊዜ የት እንደሚቆም ይነግረዋል።

በሌላ በኩል አንተም ትክክል ነህ። እዚያ ወንበር ላይ ቱታ ለብሶ ሥራው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው አይቻለሁ። ክለቦች ምክትል ሲቀጥሩ ውሉ ላይ ሥራውን ይጻፉ። «ዋና አሰልጣኙን ያግዛል» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም።

አክራን ካነሳህ አይቀር፣ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን ድሬዳዋ ስታዲየም ሲጫወቱ ገብተህ ነበር? ጻፍልኝ፣ ዋንጫውን የወሰደችውን ሞሮኮን እዚህ እንዴት እንዳየሃት መስማት እፈልጋለሁ።

«ምክትል አሰልጣኝ ሁልጊዜ የዋናውን ወንበር ነው የሚያየው። ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ ‹በጊዜያዊነት ምክትሉ ይምራ› ይባላል። እንዲህ ከሆነ ለምን ዋና መሆን የሚችል ሰው እንቀጥራለን? እባብ በብብት አይደለም?» (ከገንደ ቆሬ)

ስጋትህ ይገባኛል። መፍትሔህ ግን ደካማ ሰው ቅጠሩ ማለት ነው፣ እሱን አልቀበልም።

ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት ያደረገውን ተመልከት። ዋና አሰልጣኙ ቴን ሃግ ተንገዳግዷል፣ ክለቡ ግን አላባረረውም። ሐምሌ ላይ ሩድ ቫን ኒስተልሮይን ምክትል አድርጎ አመጣለት። የክለቡ የቀድሞ ግብ አዳኝ፣ ደጋፊው የሚዘምርለት፣ ፒኤስቪን በዋናነት ያሰለጠነ ሰው። ያኔ ሁላችንም ምን አልን? «ተተኪው መጣ»። ጥቅምት ላይ ቴን ሃግ ተባረረ። ቫን ኒስተልሮይ አራት ጨዋታ መራ፣ ሦስት አሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ። ከዚያ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ አሞሪም የራሱን ሰዎች ይዞ መጣና ቫን ኒስተልሮይ በዚያው ቀን ሻንጣውን ያዘ። ወንበሩን አየ የተባለው ሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ለሁለት ሳምንት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሃንሲ ፍሊክ በ2019 ክረምት ባየርን ሙኒክ የገባው የኒኮ ኮቫች ምክትል ሆኖ ነው። በመኸር ፍራንክፈርት 5 ለ 1 ደበደባቸውና ኮቫች ሄደ። ፍሊክ ተተካ፣ በዓመቱ ሊጉን፣ የጀርመን ዋንጫንና ሻምፒዮንስ ሊግን ጠቀለለ። ባየርን ያን ጊዜ «ዋና መሆን የሚችል አንፈልግም» ቢል ኖሮስ?

ደግሞ ምክትል በውድድር መሃል የሚሄድበትም ጊዜ አለ። የማንቸስተር ዩናይትዱ ፈርጉሰን ሦስቱን ዋንጫ በጠቀለለበት ዓመት ምክትሉ ብራያን ኪድ ታኅሣሥ ላይ ብላክበርንን ለማሰልጠን ጥሎት ሄደ። ስቲቭ ማክላረን ከደርቢ የመጣው በየካቲት 1999 ነው፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ፎረስትን 8 ለ 1 አሸነፉ። ፈርጉሰን ምክትል ሲቀየርበት የማይናጋው ከምክትሉ ምን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው። እኛ ጋ ዋናው ሳይነገረው፣ የቦርድ አባል ለምክትሉ ማታ ይደውላል። «ለምንድን ነው እከሌ የማይሰለፈው?» ይለዋል። ምክትሉ ዝም ካለ ቦርዱን ያስቀይማል፣ ከተናገረ ዋናውን ይከዳል። እባብ ያልከውን የሚያሳድገው ያ የማታ ስልክ ነው። ቦርዱ ጥያቄ ካለው በቀን፣ በስብሰባ፣ ዋናውን ይጠይቅ።

«የአርሰናል ደጋፊ ነኝ (አትሳቅብኝ)። ጆቨር የሚባለው የቆመ ኳስ አሰልጣኝ ሥራው ምንድን ነው? የእኛስ ክለቦች እንዲህ ዓይነት ሰው ለምን አይቀጥሩም?» (ከአዲስ ከተማ)

አልሳቅኩም። ትንሽ ብቻ።

ኒኮላ ጆቨር ብሬንትፎርድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ማንቸስተር ሲቲ ገባ፣ እዚያ ከአርቴታ ጋር ጥቂት ወራት አብረው ሠሩ። አርቴታ ያኔ የጋርዲዮላ ምክትል ነው። በ2021 ክረምት አርቴታ አርሰናል ጠራው። ሥራው ኳሱ ቆሞ የሚጀመርባቸው ጊዜያት ናቸው። የማዕዘን ምት፣ ቅጣት ምት፣ የእጅ ውርወራ። ሲያጠቁም ሲከላከሉም። የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ መስመር ጋ ሲመጣ ታየዋለህ፣ ዋናው አሰልጣኝ ቦታውን ይለቅለታል።

ብዙ ሰው የቆመ ኳስ ማለት ረጅም ሰው ፈልጎ ኳስ መወርወር ይመስለዋል። አይደለም። ኳሱ ከመመታቱ በፊት አራት አምስት ሰው በሩቁ ቋሚ በኩል ይሰበሰባል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ። አንዱ የግብ ጠባቂውን መንገድ ይዘጋል፣ አንዱ ጎበዙን የአየር ኳስ ተከላካይ ይይዛል፣ አንዱ ወደ ቅርቡ ቋሚ ሮጦ ሰው ይጎትታል። ኳሱ የሚመጣው ባዶ ወደሆነው ቦታ ነው። መቺው ሁልጊዜ ያን አንድ ቦታ መምታት አለበት፣ ለዚህ በልምምድ ደጋግሞ ይመታል። ከኋላ ደግሞ ኳሱ ቢመለስ መልሶ ማጥቃቱን የሚያቆሙ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። ሊቨርፑል በ2018 ለእጅ ውርወራ ብቻ ቶማስ ግሮኔማርክ የሚባል ዴንማርካዊ ሲያመጣ ብዙ ሰው ስቆ ነበር። በጨዋታ ስንት ጊዜ ኳስ ወደ ውጭ እንደሚወጣ ግን ቁጠር እስቲ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ለዚህ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ አሁን አልጠብቅም፣ አልመክርምም። ብዙ ክለብ የግብ ጠባቂ አሰልጣኙን እንኳ የሚያስታውሰው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ይቅደም። ግን ሥራው ያለ ቅጥር መሠራት ይችላል። ከምክትሎቹ አንዱ ይህ ያንተ ነው ይባል። የግብ ጠባቂ አሰልጣኙ ቢሆን ይመረጣል፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን ግርግር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ልምምድ መጀመሪያ ላይ፣ ልጆቹ ሳይደክሙ። ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ስለጀመረ የተጋጣሚን የማዕዘን ምት ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ቀጠና ነው የሚይዙት ወይስ ሰው በሰው? ግብ ጠባቂያቸው ይወጣል ወይስ መስመሩ ላይ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃል።

የእኛ ሊግ ደግሞ ግብ የማይበዛበት ነው። 0 ለ 0፣ 1 ለ 0፣ 1 ለ 1። እንዲህ ባለ ሊግ በወር አንድ የቆመ ኳስ ግብ ያገኘ ቡድን ከወራጅ ቀጠና ይወጣል። አጥቂ ፍለጋ አገር ለአገር ከመዞር ይሄ ይረክሳል።

«የስፖርት መምህር ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሰፈር ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ፣ የካፍ ሲ ላይሰንስ አለኝ። ክለብ ውስጥ በምክትልነት ለመግባት እፈልጋለሁ። ሰው ከሌለህ አትገባም ይሉኛል። እውነት ነው? መቼና እንዴት ልጠይቅ?» (ከመልካ ጀብዱ)

ሰው ከሌለህ ይከብዳል፣ አልዋሽህም። ግን «ሰው» የሚባለው ዘመድ ብቻ አይደለም፣ ሥራህን ያየ ሰው ማለትም ነው። እሱን ማፍራት ትችላለህ።

ላይሰንሱን በተመለከተ፣ መሰላሉ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ፕሮ ነው። በአፍሪካ ክለቦች ውድድር ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ለመቆም ኤ ይጠየቃል። ስለዚህ በሲ ተወስነህ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በር አታንኳኳ፣ ጊዜህን ታባክናለህ። የቢ ኮርስ በፌዴሬሽኑ በኩል ሲወጣ ቶሎ ተመዝገብ፣ ቦታው ውስን ነው። እስከዚያው ዒላማህ ከ20 ዓመት በታች ወይም ተስፋ ቡድን ይሁን። እዚያ ምክትል የሚሆን ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ማንም አይሻማህም። ዋናው ቡድን ሜዳውን ከለቀቀ በኋላ እናንተ ትገባላችሁ፣ አሰልጣኞቹ ይተዋወቁሃል።

መቼ ለሚለው፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነሐሴ ላይ ቡድኑ ሲሰበሰብ ነው። ያኔ አልቋል። ሰኔ ላይ፣ ሊጉ ሊዘጋ ሲል ሂድ። ለቦርድ ሳይሆን ለአሰልጣኙ። ሲቪ ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ ሁሉም ያመጣል። የታዳጊዎችህን የአንድ ወር የልምምድ ማስታወሻ ያዝ። ምን አሰራሃቸው፣ ለምን፣ ምን ተቀየረ። የክለቡን ሦስት የቅርብ ጨዋታ አይተህ በአንድ ገጽ የጻፍከው ነገር ቢኖር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ትችት እንዳይመስል አድርገህ ጻፈው፣ አሰልጣኞች ቆዳቸው ስስ ነው። የመምህርነት ሥራህንም አትደብቀው። አርባ ተማሪ ጸጥ ማሰኘት የሚችል ሰው ሃያ አምስት ተጫዋች አያቅተውም።

ሲቀጥሩህ ደግሞ ውል። በቃል «እናስተካክላለን» የሚባል ነገር የለም። ውሉ ላይ ደመወዝህ፣ የሥራ ድርሻህ፣ ማብቂያ ቀኑ ይኑር። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሳ፣ ዋናው አሰልጣኝ ቢሰናበት አንተ ምን ትሆናለህ? አብረህ ትወጣለህ ወይስ እስከ ውልህ ማብቂያ ትቆያለህ? ከወጣህስ የስንት ወር ይከፈልሃል? ይህን ሳይጽፉ የፈረሙ ምክትሎች ናቸው በየዓመቱ ደመወዝ አልተከፈለንም እያሉ አቤቱታ ይዘው ፌዴሬሽን የሚመላለሱት። የውሉን አንድ ቅጂ በእጅህ ያዝ።

የማስተማር ሥራህን ግን በመጀመሪያው ዓመት አትልቀቅ። ፈቃድ ጠይቅ፣ ሰዓት አስተካክል። የምክትል ወንበር ቶሎ ይገለበጣል።

«እስከ ጉዳቴ ድረስ ተጫውቻለሁ፣ አሁን የሴቶች ቡድን ላይ ማሰልጠን እፈልጋለሁ። የሴቶች ቡድን ውስጥ እንኳ አሰልጣኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴት ከተቀጠረች ‹ልጆቹን ለመቆጣጠር› ነው የሚሏት። ልሞክር ወይስ ልተወው?» (ከሐረር፣ ጁገል)

እህቴ፣ ሞክሪ እንጂ! የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ሉሲዎቹን፣ በዋና አሰልጣኝነት የመራችው ሰላም ዘርዓይ ሴት ናት፣ መንገዱ ጨርሶ ያልተረገጠ አይደለም።

ያነሳሽው ነገር ግን እውነት ነው፣ እኔም ታዝቤዋለሁ። ሴት ምክትል ቀጥረው ቁልፍ ያዥ ያደርጓታል። መኝታ ክፍል ትቆጥራለች፣ ማን ወጣ ማን ገባ ትጽፋለች፣ ሜዳ ላይ ግን ኮን እንኳ አታስቀምጥም። ሲያነጋግሩሽ በግልጽ ጠይቂ። «ከልምምዱ የትኛው ክፍል የእኔ ነው?» በይ። ተከላካዮቹ የአንቺ ከሆኑ የአንቺ ይሁኑ። መልስ ከሌላቸው ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ድሬም ቅርብሽ ነው፣ የሴቶች ቡድን አለ።

የወንዶች ቡድንንም ከሐሳብሽ አታውጪ። ማሪ-ሉዊዝ ኤታ በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ ዩኒየን በርሊን ምክትል ስትሆን በቡንደስሊጋ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በጥር ወር ዋናው አሰልጣኝ ቢየሊሳ የባየርኑን ሳኔን ፊቱን ገፍቶ በቀይ ወጣ፣ ተቀጣ። ቀጣዩን የዳርምሽታት ጨዋታ መስመር ላይ ቆማ የመራችው ኤታ ናት፣ ቡድኑም 1 ለ 0 አሸነፈ። እሷን የፈለጓት ለቁጥር ማሟያ አልነበረም፣ የዩኤፋ ፕሮ ላይሰንስ ነበራት። አንቺም ጉዳትሽ እያመመሽ ከቤት ከምትቀመጪ ዲ ኮርሱን ጀምሪ።

«ምክትል አሰልጣኝ ቀይ ካርድ ያያል? ያጠፋው ማን እንደሆነ ዳኛው ካላየስ? ደግሞ ሁሉም ተነስተው ሲጮሁ ተፈቅዶ ነው?» (ከደቻቱ)

ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በጨዋታው ሕግ መሠረት ዳኛው ለአሰልጣኞችም ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል፣ ምክትልም፣ ወጌሻም፣ ቡድን መሪም አይቀርም። ከወንበሩ በኩል ጥፋት ተሠርቶ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ቅጣቱ እዚያ ባለው ከፍተኛ አሰልጣኝ ላይ ያርፋል፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ዋናው ምክትሉ በሰደበው ይቀጣል። መጮሁን በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ መመሪያ ማስተላለፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አርሰናል ላይ ጆቨር ሲነሳ አርቴታ ቦታ የሚለቅለት በትሕትና ብቻ አይደለም። እኛ ጋ አራት ሰው ባንድ ላይ «ውጣ! ግባ! ያዘው!» ሲል አራተኛ ዳኛው ዝም የሚለው ደክሞት ነው መሰለኝ። ልጁም የማንን እንደሚሰማ አያውቅም፣ ዞሮ የሚያየው ደጋፊውን ነው።